የብሎካችን የጋራ ገንዘብ፦ መጠባበቂያ እንዴት ነው የምታስቀምጡት?

ቱሉዲምቱ_40ቤት

ሰላም ጎረቤቶች። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። ጂ+4 ብሎክ፣ 40 ቤት ነን። ባለፈው ወር በጠቅላላ ጉባኤ ገንዘብ ያዥ አድርገው መረጡኝ። ከእኔ በፊት የነበሩት አባት ስድስት ዓመት በነፃ አገልግለው ደክሟቸው ነው የለቀቁት። ያስረከቡኝ አንድ የካርኒ ጥራዝ፣ አንድ ደብተርና የባንክ ደብተሩን ነው። ሂሳቡን ቁጭ ብዬ አየሁት። አንድ ሳንቲም አልጎደለም፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ግን ገንዘብ የለም።

ቁጥሩን ልንገራችሁ። መዋጮው በወር 300 ብር ነው፣ 40 ቤት ቢከፍል 12,000 ብር ይገባል። ሁለቱ ጥበቃዎች 4,500፣ 4,500 ብር ነው የሚያገኙት። ፅዳቷ 2,000። የጋራ ቆጣሪው እስከ 900 ይደርሳል። ይኸው 11,900 ሆነ። ሁሉም ሰው ቢከፍል እንኳን የሚተርፈን 100 ብር ነው። ግን በጊዜው የሚከፍለው 27 ቤት ብቻ ስለሆነ የጥበቃዎቹ ደሞዝ ራሱ እየተንጠባጠበ ነው የሚሰጣቸው።

ጥር ላይ የውሃ ሞተራችን ተቃጠለ። አዲሱ ከነመግጠሚያው 38,000 ብር ተባለ፣ በሂሳባችን የነበረው 2,140 ብር። በየቤቱ 950 ብር ይዋጣ ተባለና በሁለት ሳምንት 22 ሰው ከፈለ። ሞተሩ እስኪገጠም 23 ቀን ፈጀ። እኛ ጋ ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ ያለ ሞተር ደግሞ ከሁለተኛ ፎቅ በላይ ጠብ አይልም። አራተኛ ፎቅ ያለች ስምንት ወር ነፍሰ ጡር ጎረቤቴ ቢጫዋን ጀሪካን ይዛ በየደረጃው መዞሪያ ላይ ስትቆም አየኋት። ሦስት ደረጃ ወጣች፣ ጀሪካኑን አስቀመጠች፣ ግድግዳውን ተደገፈች፣ እንደገና አነሳች። ተቀብያት ወጣሁ። በማግስቱ ግን እኔ ሥራ ነበርኩ።

ያኔ ነው ገንዘብ ያዥነቱን እሺ ያልኩት። ጥያቄዬ እነዚህ ናቸው፦ ለእንዲህ ያለው ቀን የሚሆን ገንዘብ እንዴት ነው የምታስቀምጡት? ስንት? የማይከፍለውን ሰውስ ምን ታደርጉታላችሁ?

ጀሞ_ሦስተኛ_ፎቅ

እህቴ፣ በርቺ። ጀሞ ላይ ይሄ ሁሉ በእኛም ደርሷል።

መጀመሪያ ሂሳቡን ለሁለት ክፈዪው። በደብተር ላይ ብቻ እንዳይሆን፣ ባንክ ሄዳችሁ ሁለት ሂሳብ ክፈቱ። አንዱ ለደሞዝና ለመብራት፣ በየወሩ ገብቶ የሚወጣ። ሌላው መጠባበቂያ፣ ያለ ጠቅላላ ጉባኤ ውሳኔ የማይነካ። እኛ ለአምስት ዓመት አንድ ሂሳብ ብቻ ነበረን። ትንሽ ሲጠራቀም የጥበቃ ቤት እናድስ፣ ለበዓል በግ እንግዛ ይባልና ያልቃል። ገንዘብ አንድ ቋት ውስጥ ከሆነ ሰው የሚያየው የተረፈውን ነው፣ የታሰበለትን አያይም።

ባንኩ የጉባኤውን ቃለ ጉባኤ፣ የፈራሚዎቹን መታወቂያና የቤት ባለቤቶች ማኅበራችን የተመዘገበበትን ደብዳቤ ጠይቆናል። ሦስት ፈራሚ አድርጉ፣ ከሦስቱ ሁለቱ ሳይፈርሙ እንዳይወጣ። አንድ ነገር ልጨምር፦ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ወለድ አንነካም ስላሉ መጠባበቂያውን ከወለድ ነፃ ሂሳብ ላይ አደረግነው። ክርስቲያኖቹም ደስ ብሏቸው ተስማሙ። ይሄ ቀድሞ ቢነሳ ይሻላል፣ ኋላ ላይ ሰው ቅር እያለው ሳይናገር መዋጮውን ያቆማል።

የካአባዶ_መሐንዲሱ

ስንት የሚለውን እኔ ልሞክር። ሙያዬ ግንባታ ነው፣ የካ አባዶ ብሎካችን ውስጥ የጥገና ኮሚቴ ነኝ።

ብዙ ኮሚቴ መዋጮ ሲተምን «ሰው ስንት ይችላል?» ብሎ ነው የሚጀምረው። 100? ውድ ነው። 50 ይሁን! በቃ ተጨበጨበ። እኔ የምለው ከሕንፃው ጀምሩ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሆናችሁ ከጣሪያ እስከ ማንሆል ዙሩት። ምን አለን፣ ስንት ዓመቱ ነው፣ ሲሞት ስንት ይፈጃል? ጻፉት። ከዚያ የእያንዳንዱን ዋጋ ይቆያል ብላችሁ ለምታስቡት ዓመት አካፍሉት።

የእኛን ላሳይሽ፣ እኛም 40 ቤት ነን። የውሃ ሞተር 40,000 ብር፣ አምስት ዓመት ይቆያል ብለን ያዝን፣ በዓመት 8,000። ጣሪያና አሸንዳ 120,000፣ በአሥር ዓመት፣ በዓመት 12,000። የፍሳሽ መስመርና ማንሆል 30,000፣ በየሦስት ዓመቱ፣ በዓመት 10,000። የደረጃ ቀለምና የእጅ መደገፊያው ብየዳ 90,000፣ በስድስት ዓመት፣ በዓመት 15,000። የጋራ ኤሌክትሪክ መስመር 40,000፣ በስምንት ዓመት፣ በዓመት 5,000። ድምሩ በዓመት 50,000 ብር። ለ40 ቤት ለ12 ወር ስታካፍዪው በወር 104 ብር ገደማ ነው። በቃ ይሄው ነው። ሰው ይሄንን በወረቀት ሲያይ «ይሄ 100 ብር ለምንድነው?» ማለቱን ያቆማል፣ ምክንያቱም 100 ብሩ ስም አለው።

ዋጋው ግን በየዓመቱ ይታደስ። እኛ መጀመሪያ የሠራነው በ2015 ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ሲባል አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ መቶን አለፈ። ሞተሩም፣ ብሬከሩም፣ ኬብሉም ከውጭ ነው የሚመጣው። ያስቀመጥነው ብር ቁጥሩ እንዳለ ሆኖ የሚገዛው ዕቃ አነሰ። ስለዚህ እኛ የምናደርገው ይሄ ነው፦ ሞተሩ ገና ሳይበላሽ መለዋወጫውን፣ አምፖሉን፣ ብሬከሩን ቀድመን ገዝተን ቆልፈን እናስቀምጣለን። በየዓመቱ ደግሞ ሦስት ሦስት ፕሮፎርማ (የሻጭ የዋጋ ማቅረቢያ) ሰብስበን ዝርዝሩን እናስተካክላለን።

ዓመቱን መቼ ትጀምራላችሁ የሚለውም ቀላል ነገር አይደለም። ብዙ ሰው እንደ መንግሥት በጀት ሐምሌ 1 ይጀምራል። ለሕንፃ አይመችም። ሐምሌ ላይ ክረምቱ ገብቶ ጣሪያው እያፈሰሰ ነው። እኛ ጥር ላይ እንሰበሰባለን፣ ሚያዝያና ግንቦት ላይ አሸንዳውን እናጸዳለን፣ ቆርቆሮውን እንቸነክራለን፣ ማንሆሉን እናስከፍታለን። ሰኔ ሲገባ ሥራው አልቋል።

ስቱዲዮ_ጡረተኛ

መሐንዲሱ ያሉት ሂሳብ ጥሩ ነው። ግን እኔ ስቱዲዮ ነው ያለኝ። አንድ ክፍል። ከላዬ ባለ ሦስት መኝታ ያለው ጎረቤቴ ሰባት ቤተሰብ ይዞ ይኖራል፣ ሁለት ሳሎን የሚያህል ቦታ አለው። እኔ በጡረታ የምኖር ሴት ብቻዬን ነኝ። ለምን እኩል እከፍላለሁ? ውሃውንስ እኩል ነው የምንጠቀመው? ስብሰባ ላይ ይሄን ሳነሳ «እትዬ፣ ደረጃውን እኩል ነው የምንወጣው» አሉኝ። እኔ እኮ ምድር ቤት ነኝ ልጆቼ። መክፈል እምቢ አላልኩም፣ ከፍዬም አውቃለሁ። ግን ፍትሕ ሲሆን ሰው ደስ ብሎት ይከፍላል።

ሕግ_አንባቢ

እትዬ፣ ጥያቄዎ ትክክል ነው፤ ሕጉም ያዳምጥዎታል። የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 ለዚህ ነው የወጣው። ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ የማኅበሩ አባል የቤቱ ባለቤት ነው። የጋራ ወጪውን የመክፈል ግዴታ ያለበትም ባለቤቱ ነው፣ ተከራዩ አይደለም። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ቤት ከጋራ ወጪው የሚሸፍነው ድርሻ ማኅበሩ ሲመሠረት በሰነዱ ላይ በመቶኛ የሚቀመጥ ነገር ነው። ብዙ ብሎክ ላይ ይሄ ሰነድ መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል፣ ኮሚቴው በጭብጨባ እኩል መዋጮ ይወስናል። ቱሉ ዲምቱ፣ መጀመሪያ ሰነዳችሁን ፈልጊ። ድርሻው ከተጻፈ ያንን ተከተሉ። መቀየር ከፈለጋችሁ በደንቡ መሠረት በጉባኤ ይቀየር እንጂ በልማድ አይሁን።

የምመክረው፦ ጥበቃና ፅዳት በቤት ቁጥር እኩል፣ መጠባበቂያው በካሬ ሜትር። ሌባ ለስቱዲዮም ለባለ ሦስቱም እኩል ነው። ጣሪያው ግን ለሰፊው ቤት ብዙ ይሸፍናል።

ጀሞ_ሦስተኛ_ፎቅ

እኛ ልክ እንደዚህ ነው ያደረግነው፣ ግን በካሬ ሳይሆን በመኝታ ቁጥር። ካሬ ሜትር ስንል ጭቅጭቅ መጣ፣ በረንዳ ይቆጠር አይቆጠር። መኝታ ግን ማንም አይክድም። ስቱዲዮ አንድ ድርሻ፣ ባለ አንድ አንድ ተኩል፣ ባለ ሁለት ሁለት፣ ባለ ሦስት ሁለት ተኩል። ምድር ላይ ያሉት ንግድ ቤቶች ደግሞ ሦስት ድርሻ ይከፍላሉ፤ ደንበኛቸው የሚጥለውን ቆሻሻ የምታነሳው የእኛ ፅዳት ናት። መጀመሪያ አጉረመረሙ፣ ኋላ ግን የደረጃው መብራት ሲስተካከል ማታ ደንበኛ ይቆይላቸው ጀመር።

ቤቴን_ያከራየሁ

እኔ ደግሞ ከማይከፍሉት ወገን ነኝ፣ እውነቱን ልናገር። ቦሌ አራብሳ ቤት ደርሶኝ አከራይቼው ነው ያለሁት፣ ሥራዬ ሌላ ክፍለ ሀገር ነው። ለሦስት ዓመት መዋጮ እንዳለ አላውቅም ነበር። ማንም አልደወለልኝም። ተከራዩን ነው የሚጠይቁት፣ ተከራዩ «የባለቤቱ ጉዳይ ነው» ይላል፣ በዚያው ይቀራል። አንድ ቀን ቤቱን ለማየት ስሄድ የመግቢያው በር ላይ ስሜ ከነውዝፉ ተለጥፎ አየሁት። አፈርኩ፣ ተናደድኩም። በዚያው ቀን ግን ሙሉውን ከፈልኩ።

ገንዘብ ያዥዋ እህቴ፣ ከማስጠንቀቂያ በፊት የባለቤቶችን ስልክ ሰብስቢ። የቴሌግራም ግሩፕ ክፈቺ፣ ውጭ አገር ያለውም ይግባ። በየወሩ የገባውንና የወጣውን ለጥፊ። አንዳንዶቻችን ገንዘብ አጥተን አይደለም የማንከፍለው። ለምን እንደሚከፈል አይተን አናውቅም።

አራብሳ_ተከራይ

ከተከራይ ወገንም ስሙን። እኔ ያከራየኝ ሰውዬ መዋጮውን «አንተ ቻለው» ብሎኛል። እሺ ብዬ እየከፈልኩ ነው። አሁን መጠባበቂያ ሊጨመር ነው ሲባል ኪራዩ ላይ ልጨምርብህ አለኝ። በአዋጅ 1320/2016 አከራይ እንደፈለገ መሃል ላይ ኪራይ መጨመር አይችልም፣ ውሉም ቢያንስ የሁለት ዓመት ነው። ለአጭር ቆይታ የምኖር ሰው ለአሥር ዓመት ጣሪያ ማዋጣት አለብኝ ወይ? የጥበቃና የፅዳቱን በደስታ እከፍላለሁ፣ እየተጠቀምኩበት ስለሆነ። የጣሪያው ግን የቤቱ ባለቤት ሀብት ነው።

ሕግ_አንባቢ

ልክ ነህ ወንድሜ። የዕለት ተዕለቱን ተከራዩ፣ መጠባበቂያውን ባለቤቱ። ይሄንን ውል ላይ ማስፈር ነው። ማኅበሩ ግን በሁለቱ መሃል መግባት የለበትም። የሚያውቀው ባለቤቱን ብቻ ነው።

ፈርማ_አልተጠየቅንም

ስለ ሦስት ፈራሚ ያወራችሁትን ሳይ ልቤ ተነካ። የእኛ ብሎክ ሳይቱን መጥቀስ አልፈልግም። ሰብሳቢያችን መልካም ሰው ነበር፣ አሁንም ክፉ ነው አልልም። ሂሳቡ በስሙ ነበር የተከፈተው፣ «ለማቀላጠፍ» ተብሎ። ሁለት ዓመት ተኩል ስናዋጣ ቆየን። ልጁ ታሞበት ከሂሳቡ ወስዶ አሳከመ፣ እመልሳለሁ ብሎ ነው። አልቻለም። አፍሮ ቤቱን አከራይቶ ሄደ። ገንዘቡም ጎረቤትነቱም አብሮ ጠፋ። ልጁ ድኖ እንደሆነ እንኳን አላውቅም። ያኔ በጣምራ ፊርማ ቢሆን ኖሮ እኮ መጥቶ ይጠይቀን ነበር፣ እኛም እናዋጣለት ነበር። አንድን ሰው ብቻውን ገንዘብ ላይ ማስቀመጥ በእሱም ላይ ግፍ ነው።

ከዚያ ወዲህ እኔ አልከፍልም ብዬ ነበር። አሁን ግን ይሄን ሳነብ መልሼ እያሰብኩ ነው።

ቱሉዲምቱ_40ቤት

ይሄን ሳነብ ቆም አልኩ። ፈርማ አልተጠየቅንም፣ እግዚአብሔር ያጽናህ። የእኛም ሂሳብ በሁለት ሰው ነው የተከፈተው፣ አንደኛው ግን ከሳይቱ ለቋል፣ እስካሁን አልተቀየረም። ሰኞ ባንክ እሄዳለሁ።

ሰነዱን ፈልጌ አገኘሁት። የቀድሞው ገንዘብ ያዥ ቤት በፌስታል ተጠቅልሎ ቁም ሳጥን ላይ ነበር። ድርሻው በመቶኛ ተጽፏል፣ በካሬ። እኛ ስድስት ዓመት እኩል ስንከፍል ኖረናል። አሁን ይሄንን ጉባኤ ላይ ሳቀርብ ባለ ሦስት መኝታዎቹ ይጮሃሉ።

የዕድር_ዳኛ

ልጄ፣ እኔ 71 ዓመቴ ነው፣ ከመሃል ከተማ ተነስተን ነው እዚህ የመጣነው። እዚያ ሳለን ዕድራችንን ከሃያ ዓመት በላይ መርቻለሁ። ቀበና ጋ እያለን ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ብረት ድስቱ ሁሉ የተገዛው በአሥርና በሃያ ብር ነው። ማንም ቀርቶብኝ አያውቅም። ለምን? ቀብር ይመጣል፣ ሰው ያየዋል። የሕንፃ መጠባበቂያ ግን አይታይም። ጣሪያው እስኪያፈስ ማንም ቀና ብሎ አያየውም።

ስለዚህ አሳዪያቸው። ጉባኤውን አዳራሽ ውስጥ አታድርጊው። እዚያው ብሎኩ ሥር፣ ማንሆሉ ጋ፣ የሞተሩ ክፍል በር ተከፍቶ አድርጊው። የተቃጠለውን ሞተር አትጣዪው፣ መሃል ላይ አስቀምጪው። ቡና አፍሉ። ባለ ሦስቶቹ እንዳይጮሁ ቀድመሽ ቤታቸው ሂጂ፣ አንድ በአንድ። ጉባኤ ላይ ሰው ፊት የተሸነፈ ሰው ዓመት ሙሉ አይከፍልም። ቤቱ ሄደሽ ያስረዳሽው ግን ጉባኤ ላይ ያግዝሻል።

ቅጣትም ያስፈልጋል። እኛ ዕድር ላይ በሦስት ወር ያልከፈለ ይቀጣል፣ በስድስት ወር ይሰረዛል። ከሕንፃ ግን ሰው አይሰረዝም፣ ቤቱ ነውና። ስለዚህ ቅጣቱ በመተዳደሪያ ደንቡ ላይ ይጻፍ፣ መጠነኛ ይሁን፣ ግን ለማንም አይማር። ለእኔም ቢሆን። የሰብሳቢው እህት ናት ተብሎ አንዴ ከተማረ ሌላው ሰውም መክፈል ይተዋል።

የዕድሩን ገንዘብና የሕንፃውን ገንዘብ ደግሞ አትቀላቅሉ። ሰው ሲሞት ሞተር ቢቃጠል ምን ልትሆኑ ነው።

አያት_ባለሊፍት

እኛ አያት ላይ 40/60 ነን (40 በመቶ ቆጥበን ቀሪውን በባንክ ብድር)፣ ሊፍት አለን። ከ20/80ዎቹ ወንድሞቻችን ጋር ሳነጻጽረው ሌላ ዓለም ነው። ሊፍቱ በየወሩ ሰርቪስ ይፈልጋል፣ የሰርቪስ ውል ካልገባችሁ ሲበላሽ የሚመጣላችሁ ሰው አይኖርም። አንድ ጊዜ ቦርዱ ተቃጠለና መለዋወጫው እስኪመጣ ሁለት ወር ቆየን። ዘጠነኛ ፎቅ ያሉ አዛውንት ሁለት ወር ሙሉ ከቤት አልወጡም። ልጆቻቸው ወደ ቤተ ክርስቲያን በወንበር ተሸክመው ነው ያወረዷቸው፣ ያውም አንድ እሑድ ብቻ።

እኛ ጋ የሚነሳው ክርክር ምድርና አንደኛ ፎቅ ያሉት ለሊፍት ለምን እንከፍላለን የሚሉት ነው። የጨረስነው እንዲህ ነው፦ ለሊፍቱ መብራትና ሰርቪስ ምድር ቤት አይከፍልም፣ አንደኛ ፎቅ ግማሽ፣ ከዚያ በላይ ሙሉ። ለሊፍቱ መተኪያ መጠባበቂያ ግን ሁሉም ይከፍላል፣ ምክንያቱም ሊፍት የሌለው ዘጠኝ ፎቅ ሕንፃ ዋጋው የሁሉም ነው የሚወርደው። ሊፍት ያላችሁ ሁሉ መጠባበቂያውን ከሌላው ለይታችሁ ያዙት። ካልሆነ ሌላውን ሁሉ ይበላዋል።

ሞተር_ጠጋኙ

እኔ የውሃ ሞተር ነው የምሠራው፣ ኮዬ ፈጬና ቂሊንጦ ነው የምዞረው። ስለ ገንዘብ ብዙ ብላችኋል። ግን ቱሉ ዲምቱ እህቴ፣ ሞተሩ ለምን እንደተቃጠለ ጠይቃችኋል?

እኔ ከምፈታቸው ሞተሮች አብዛኛው የሚቃጠለው ያለ ውሃ ስለሚሠራ ነው። ውሃ በፈረቃ ይመጣል፣ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ገብቶ 11 ሰዓት ላይ ይሄዳል። ጥበቃው ሞተሩን አብርቶ ይተኛል። ምድር ያለው ሮቶ (የውሃ ታንከር) ሲጎድል ሞተሩ አየር እየሳበ ይዞራል፣ ይግላል፣ ሽቦው ይቃጠላል። መብራት ሲወርድና ሲወጣም እንደዚያው ነው። የምድሩ ሮቶ ውስጥ ውሃ ሲያልቅ ሞተሩን የሚያጠፋ ተንሳፋፊ ማብሪያ ማጥፊያ አለ። ከሞተሩ ጋር ሲነጻጸር ዋጋው ኢምንት ነው። ላይኛው ሮቶ ላይም ሲሞላ የሚያጠፋ ይኑር፣ አለበለዚያ ሌሊቱን ሙሉ በጣሪያው ላይ እየፈሰሰ አድሮ ጠዋት «ውሃ የለም» ትላላችሁ። ከቮልቴጅ የሚጠብቅ መከላከያም ጨምሩበት። መሐንዲሱ ሞተሩን ለአምስት ዓመት ያዙት፣ ይሄ ካለ እኔ ስምንት ዓመት የሠራ አይቻለሁ። ከሌለ በዓመቱ ተቃጥሎ አምጥተውልኛል።

የካአባዶ_መሐንዲሱ

ወንድሜ፣ በጣም አመሰግናለሁ። የእኛም ላይኛው ላይ እንጂ የምድሩ ሮቶ ላይ የለንም። ነገ አስገባዋለሁ።

ቱሉዲምቱ_40ቤት

ጎረቤቶች፣ ትናንት እሑድ ጉባኤ አደረግን። ላመሰግናችሁም ላሳውቃችሁም ነው።

አባቴ የዕድር ዳኛ እንዳሉኝ አደረግኩ። ሁለት ሳምንት ማታ ማታ በር እያንኳኳሁ ዞርኩ። ባለ ሦስት መኝታ ስድስት ቤት ናቸው። አራቱ ገና ወረቀቱን ሲያዩ እሺ አሉ። አንደኛው በሩን ዘጋብኝ፣ በሦስተኛው ቀን ራሱ ደወለልኝ። አንደኛዋ እስካሁን አልተስማማችም። ከባድ ዓመት ላይ ናት፣ ባሏ ሥራ አጥቷል። ማንም ሳይሰማ ከሁለት የኮሚቴ አባላት ጋር ተነጋግረን በስድስት ወር እንድትከፍል ጽፈን ፈረምን።

ጉባኤው ሞተሩ ክፍል በር ላይ ነበር። 29 ሰው መጣ፣ ባለፈው 13 ነበር። የተቃጠለውን ሞተር ካርቶን ላይ አስቀምጠነው ነበር። ሕፃናት እየነኩት እጃቸው ጠቆረ። ያቺ የአራተኛ ፎቅ ጎረቤቴ ወልዳለች፣ ልጇን አዝላ መጣች። ማንም ምንም ሳይጠይቃት ተነስታ ስለ ጀሪካኑ ተናገረች። ከዚያ በኋላ እኔ ብዙ ማስረዳት አላስፈለገኝም።

የተወሰነው፦ የጥበቃና የፅዳት 300 ብር እኩል ይቀጥላል። መጠባበቂያው በሰነዱ ላይ ባለው ድርሻ፣ ከስቱዲዮ 55 ብር እስከ ባለ ሦስት 160 ብር በወር። ሁለት ሂሳብ፣ ሦስት ፈራሚ፣ ሁለት ካልፈረሙ አይወጣም። ከኮሚቴው ውጭ የሆኑ ሁለት ሰዎች በየሦስት ወሩ ሂሳቡን ይመረምራሉ፣ አንደኛዋ የባንክ ሠራተኛ የሆነች ጎረቤታችን ናት። በቴሌብር ወይም በባንክ ብቻ ነው የሚከፈለው፣ እኔ በእጄ ብር አልቀበልም። በየወሩ 5 ቀን ላይ የገባውና የወጣው በግሩፑና በመግቢያው በር ላይ ይለጠፋል። ውዝፍ ያለበትን ሰው ስም መለጠፍ ግን አልተስማማንበትም፣ የቤት ቁጥር ብቻ ይሁን ተባለ። ለባለቤቱ ግን በስልክ ይነገረዋል። እስካሁን ከ13ቱ የማይከፍሉ ቤቶች የ9ኙን ባለቤት ስልክ አግኝቻለሁ። ሁለቱ ውጭ አገር ናቸው፣ አንደኛው የስድስት ወሩን በአንድ ጊዜ ላከ።

ሞተር ጠጋኙ ወንድሜ፣ ከመጠባበቂያው የመጀመሪያው ወጪ ያንተ ተንሳፋፊ ማጥፊያ እንዲሆን ጉባኤው ወስኗል። የምድሩ ሮቶ አምስት ሺህ ሊትር ነው፣ ሞተሩ ባለ ሁለት ፈረስ ጉልበት። ምን ዓይነት እንግዛ?

ሞተር_ጠጋኙ

እንኳን ደስ አላችሁ እህቴ። ለሞተራችሁ ከኮንታክተር (የሞተሩን ኃይል ከሚሸከመው ማብሪያ ማጥፊያ) ጋር አብሮ የሚሠራውን ውሰዱ፣ ተንሳፋፊው ብቻውን የሞተሩን ኃይል ቀጥታ እንዳይሸከም። ገመዱ ሮቶው ታች ድረስ እንዲደርስ ርዝመቱን ለክታችሁ ግዙ። ከምድሩ ሮቶ ወለል አንድ ጥቁር ስንዝር ከፍ ብሎ እንዲያጠፋ ነው የሚታሰረው፣ መሳቢያው ቧንቧ አየር እንዳይስብ። ቅዳሜ ከሰዓት ቂሊንጦ ነኝ፣ ከጨረስኩ በኋላ አልፋለሁ። ጥበቃው እዚያ ይኑር፣ እሱንም ላሳየው።